የቸርኬው ድምፅ ሲጠፋ

ሰላም ወዳጆቼ። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስለ እንቅልፍ ላወራችሁ ነበር፤ ቃልም ገብቼ ነበር። እሱ ይቆየን። አንዲት ነገር ሳምንቱን ሙሉ ስትከነክነኝ ከረመች። እሷን ሳላወጣ ሌላ ወሬ አልመጣልኝ አለ።

ቅዳሜ ተሰባስበን ነበር። የውድድር ጓደኛዬ ዋርካውም ነበር። ስሙን ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ፤ እስካሁን ሲጠሩት ደስ ይለዋል። አንድ ወጣት ስለ ኬፕ ኤፒክ፣ ስለዚያ የደቡብ አፍሪካ የተራራ ሳይክል ውድድር፣ ይጠይቀዋል። እንዴት ነው? እንዴት ጨረሳችሁት? ዋርካው ያን ረጅም ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ «ይሄ ልጅ 8 ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ ጥሎኝ አልሄደም» አለ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ፈገግ አልኩ። በቃ። ሌላ ምንም አላልኩም።

እ… እሺ። አምስተኛው ቀን ላይ ልውሰዳችሁ። ስለ ሌሎቹ ቀናት ብዙ ብያለሁ፣ የሙዙንም ታሪክ ታውቁታላችሁ። አምስተኛውን ቀን ግን ሁሌም ዘልዬው ነው የማልፈው። ይሄንንም ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው። የድሮ ክፍሎችን ከፍቼ ሰማሁ። አራተኛው ቀን፣ ከዚያ ስድስተኛው ቀን። አምስተኛው የለም።

ሙቀቱ ከጠዋት ነው የጀመረው። ዋርካው ቁርስ አልበላም። የመጀመሪያው የውሃ ጣቢያ ላይም አልበላም። ሁለተኛው ላይ ግማሽ ድንች አፉ ውስጥ ከትቶ ቆየና ተፋው። ይሄ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ብዙ የነዳ ሰው ያውቃል። በዚያ ሙቀት ሰውነት ደሙን ወደ እግር ጡንቻና ወደ ቆዳ ይልከዋል። ሆድ ይረሳል። ምግብ ብትሰጠው አይቀበልም። ካልበላህ ደግሞ ጉልበት ከየት ይመጣል? እንግዲህ እየነዳህ ባዶ መሆን ነው።

ዳገቱ ላይ ጀርባውን በመዳፌ ደግፌ መግፋት ጀመርኩ። ማሊያው በላብ ርሶ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ርሶ ነበር። ጨው ሠርቷል፤ መዳፌን እንደ አሸዋ ይፈገፍገኛል። አንድ አምስት ደቂቃ ገፋሁት። ከዚያ ሳይዞር፣ «ተወኝ፣ ወንድሜ» አለ። ተውኩት።

ጫፍ ላይ ስንደርስ አብረን ነበርን። ይሄን እርግጠኛ ነኝ። ጎን ለጎን ነበርን። ውሃ ጠጣ፣ ራሱን ነቀነቀልኝ። እኔ ቀደምኩ። ቁልቁለት ላይ ሁሌም እኔ ነኝ የምቀድመው፤ መስመሩን አሳየዋለሁ፣ እሱ ይከተላል። የተስማማነው እንደዚያ ነው።

ቆይ። አንድ ነገር ላሰማችሁ። ሳይክሏን እዚህ ክፍል ውስጥ ያስገባኋት ለዚህ ነው።

[ቸርኬ ሲሽከረከር ይሰማል]

ትር ትር ትር ትር… ሰማችሁ? የኋላ ቸርኬው መሀል ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሉ። ፔዳል መምታት ስታቆም፣ ትንንሽ ምላሶች በጥርሶቹ ላይ እየዘለሉ ያልፋሉ። ድምፁ እሱ ነው። የሁሉም ቸርኬ ድምፅ አንድ አይደለም። የዋርካው ወፈር ይላል፤ ልክ የቆየ የልብስ ስፌት ማሽን። ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብታሰሙኝ እለየዋለሁ። ወራት ሙሉ ልምምድ ላይ ከኋላዬ የሰማሁት እሱን ነው። ቁልቁለት ላይ ዞር ብለህ ማየት አትችልም፤ ዞር ካልክ ትወድቃለህ። ስለዚህ ጓደኛህን የምታየው በጆሮህ ነው።

እና ከጫፉ ወረድን። ጠጠር ነው፣ ከዚያ ሁለት ሹል መታጠፊያ፣ ከዚያ ፊንቦስ የሚሉት ያ የኬፕ ቁጥቋጦ ግራና ቀኝ እግርህን ይገርፈዋል፤ ሽታው አፍንጫህ ውስጥ ይገባል። ከኋላዬ ትር ትር ትር አለ። የመጀመሪያው መታጠፊያ፣ አለ። ሁለተኛው መታጠፊያ…

የለም።

ጠፋ። ቀስ እያለ አይደለም የጠፋው። ሲቆረጥ ይታወቃል። እና አወቅኩ። «ምናልባት ፔዳል እየመታ ይሆናል» ብዬ ራሴን ማታለል እችል ነበር፤ ፔዳል ሲመታ ድምፁ ይቆማልና። ግን እዚያ ቦታ ፔዳል የሚመታ ሰው የለም። ፍሬን ይዘህ ነው የምትወርደው።

ፍሬኔን አልያዝኩም። እንዲያውም ለቀቅኩት።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ደስ አለኝ። እንዴት እንደምገልጸው… መንገዱ ተከፈተልኝ። ከኋላዬ ማንም የለም፣ ስለማንም አላስብም፣ የማንንም ትንፋሽ አልቆጥርም። ሳይክሏ በራሷ የምትበር መሰለኝ። ጎማው ጠጠሩን ሲይዝ በእጄ ላይ ይሰማኛል፤ እያንዳንዷን ድንጋይ ገና ሳልደርስባት አያታለሁ። በዚያ ሳምንት ውስጥ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። በሕይወቴም እንጃ። ስታስታውሰው እንኳ እጅህን የሚያሳክክ ደስታ አለ አይደል? እሱ ነው። አሁን ሳወራው እንኳ፣ ይኸው፣ ፈገግ እያልኩ ነው።

ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

ምክንያቱም ምንም የማገኘው ነገር አልነበረም። የውድድሩን ሕግ አስቡት። በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚነዳው። የቡድኑ ሰዓት የሚያዘው ሁለተኛው ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው። ብትቀድም፣ ብትበር፣ አንዲት ሰከንድ አታተርፍም። በዚያ ላይ በሁለታችሁ መሀል ያለው ክፍተት ከ2 ደቂቃ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ቅጣት አለው። እና ለሰዓት ብዬ ነው እንዳልል ሰዓት አይደለም። ተቻኩዬ ነው እንዳልል… መቼም ከኋላ ጅቦቹ አሉ። የመጨረሻዎቹን እየተከተሉ የሚነዱትን ነው፤ እኔና ዋርካው ጅቦቹ ነው የምንላቸው። ግን በዚያ ቀን ሩቅ ነበሩ። ስለዚህ ለምን? ለራሴ ደስታ ብቻ።

ከታች የአንድ እርሻ በር አለ፣ የብረት። እዚያ ቆምኩ። ቆምኩና ወደ ላይ ማየት ጀመርኩ።

ለዓመታት «አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅኩት» እያልኩ ነው ያሰብኩት። ሐሙስ ዕለት የዚያን ቀን የጂፒኤስ ፋይል ፈልጌ ከፈትኩት። ከበሩ ጋ የቆምኩት 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። አምስት ደቂቃ። ወደ ላይ አንድ እርምጃ አልሄድኩም። መስመሯ ስክሪኑ ላይ አንድ ነጥብ ሆና ቁጭ ብላለች።

መጣ። በእግሩ፣ ሳይክሉን እየገፋ። ፊቱ አመድ መስሏል። በግራ ጎኑ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ አቧራ አለ። «ምን ሆንክ?» አልኩት። «ምንም። ትንሽ አስመለሰኝ» አለ። እኔም፣ «ድምፅህን አልሰማሁም እኮ» አልኩት።

ድምፅህን አልሰማሁም። ቃሉ እኮ ውሸት አይደለም። እውነት ነው፣ አልሰማሁም። እሱ «ስላልሰማሁ አላወቅኩም» ብሎ ተረዳው። እኔ ደግሞ ስላልሰማሁ ነው ያወቅኩት።

[ረዘም ያለ ዝምታ]

ስለ ክሪስቶፍ ሳውዘር አስባለሁ አንዳንዴ። ስዊዘርላንዳዊው። በፈረንጆቹ 2011 እና 2012 ኬፕ ኤፒክን ያሸነፈው ከደቡብ አፍሪካዊው ከቡሪ ስታንደር ጋር ነው። ሁለት ዓመት ተከታትለው። ከዚያ በፈረንጆቹ ጥር 2013 ስታንደር ልምምድ ላይ እያለ መኪና ገጭቶት ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ውድድሩ የቀረው ሁለት ወር ገደማ ነው። ሳውዘር ግን ተነሳ። ከቼኩ ከያሮስላቭ ኩልሃቪ ጋር፣ ከለንደኑ የኦሊምፒክ ባለወርቅ ጋር፣ ሄደና በዚያው ዓመት አሸነፈ። እኔ ብሆን ከኋላዬ የሚመጣውን የሌላ ሰው ቸርኬ እንዴት እሰማው ነበር? ያንን ቁልቁለት እንዴት እወርደው ነበር? ሁለት ዓመት የለመድከው ድምፅ ጠፍቶ፣ በቦታው ሌላ…

አይ፣ ተዉት። ለምን ወደዚህ ሄድኩ? የኔ ሰው አልሞተም። ቅዳሜ ትከሻዬን አቅፎ ይስቅ ነበር። የሰውን ሐዘን ከኔ ነገር ጋር ማያያዝ ልክ አይደለም።

ግን አያችሁ፣ እሱ ለኔ ያደረገውን ማንም አልጠየቀውም። ሁለተኛው ቀን ንፋስ ነበር፤ ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የሚመታ። ዋርካው ከፊቴ ሆኖ ሰፊ ጀርባውን ግድግዳ አደረገልኝ። ሰዓታት ሙሉ። አንዴም «ተራህ ነው» አላለኝም። ውድድሩ ብዙውን ጊዜ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዳገቱ ቢደመር 15,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ራስ ዳሽንን ከባህር ጠለል ተነስቶ ሦስቴ ከመውጣት ይበልጣል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስንቱን በሱ ጀርባ እንደተከለልኩ ጂፒኤሱ አይነግረኝም።

አንዳንዴ ደግሞ እናደድበታለሁ። ለምን አልጮኸም? አንድ ጊዜ ስሜን ቢጠራኝ እቆም ነበር። እቆም ነበር፣ አይደል? …መቆም ነበረብኝ እያልኩ ነው እንጂ፣ እቆም ነበር ማለቴን እኔም አላመንኩትም።

የዚያን ቀን ማታ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድመን፣ «ነገ ካቃተኝ አንተ ቀጥል» አለኝ። ይቻላል። አንዱ ቢያቋርጥ ሌላው ብቻውን መንዳት ይችላል፤ እንደ ቡድን ግን አይቆጠርለትም። እኔም ሳልተነፍስ፣ «ያላንተ አንዲት ሜትር አልሄድም» አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ በጨለማው ውስጥ እጁን ዘርግቶ እጄን ጨበጠ።

ቅዳሜ የተናገረው ስለዚያች ማታ ይመስለኛል። «ጥሎኝ አልሄደም» ያለው እሷን ይዞ ነው። እና ያን ማታ የተናገርኩት ከልቤ ነበር። እምላለሁ። ግን ከፍቅር ይሁን ከዕዳ… ምናልባት ሁለቱም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል አይደል? ወይም ይሄ ራሱ ማምለጫ ነው። አላውቅም።

ሰኞ መልእክት ላከልኝ። «እንመዝገብ?» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። አልመለስኩለትም። ዛሬ አርብ ነው። ይሄን ክፍል እሱ አይሰማውም፤ ባለቤቱ ግን ትሰማለች። እመቤቴ፣ እየሰማሽ ከሆነ… እባክሽ መጀመሪያ እኔ ልንገረው። ወይም… እንዳሻሽ።

ነገ ልደውልለት ነው ሐሳቤ። ስለ ደስታው እነግረው እንደሆነ እንጃ። እንዲያው አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። ያን ቀን ከቁልቁለቱ በእግሩ ሲመጣ፣ ቀኝ እጁ ላይ ጓንት አልነበረም። የግራው አለ። የቀኙ የለም። ጫፍ ላይ ውሃ ሲጠጣ ሁለቱም ነበሩ፤ አይቻለሁ። አፉን ሊጠርግ አውልቆት ይሆናል። ሲወድቅ ተቀዶ ይሆናል። ወይም ደግሞ… እዚያ ላይ ሆኖ እኔ ስወርድ ይታየዋል እኮ። መንገዱ ከላይ ይታያል። እንዳየው ብሎ አውልቆ እያውለበለበ…

እንጃ። ጓንቱን ብቻ ነው የምጠይቀው።