ድምፄን ሰጥቼ ረሳሁት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ጎበዝ፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻየን ነኝ፣ ባህር ዳር ቤቴ ቁጭ ብየ ነው የምቀዳው፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፏል፣ መብራትም አለ፣ እስኪሄድ ድረስ እናውራ።

ይሄን ጉዳይ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ይዠው ነው የቆየሁት። የብሎክቼይን ጉዳይ ነው፣ ግን የዋጋ ወሬ አይደለም፣ ምን ጨመረ ምን ቀነሰ የሚለውን ዛሬ አላነሳም። ማውራት የፈለግሁት ስለምንመርጣቸው ሰዎች ነው። መርጠን ስለምንረሳቸው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ብሎክቼይን ስንል ብዙ ኮምፒውተር አንድ አይነት መዝገብ ይይዛል፣ ጥያቄው ቀጣዩን ገጽ ማን ይጻፍ ነው። ቢትኮይን ላይ ማሽንና መብራት ያለው ይፎካከራል። ኢቴሬም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ ገንዘብ በማስያዝ ነው፣ 32 ኢተር ያስያዘ ቫሊዴተር፣ ማለት ገጹን የሚጽፍና የሚያረጋግጥ፣ ይሆናል፣ ማንም አይመርጠውም። እኔ ያለሁበት፣ ሃይቭ የሚባለው ብሎክቼይን ላይ ግን በምርጫ ነው፣ ድምፁም የሚመዘነው ባስያዝኸው ገንዘብ ልክ ነው። ቫሊዴተሮቹን ዊትነስ እንላቸዋለን፣ ምስክር እንደማለት፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት 20ዎቹ ቋሚ ናቸው፣ 21ኛዋ ቦታ ለተጠባባቂዎቹ በየተራ ትሰጣለች። በየ3 ሰከንዱ አንድ ብሎክ፣ አንድ ገጽ ማለት ነው፣ ይጻፋል፣ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ እስኪጽፉ 63 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ ተራው እንደገና ይጀምራል። ተራው የደረሰው ሰው ሰርቨሩ ካልሠራ ብሎኳ ታልፋለች፣ አመለጠችው ተብሎ ይቆጠርበታል፣ ቁጥሩም ክፍት ነው፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል።

እኔ ደግሞ ተራ የሚባል ነገር ሲነሳ ሀሳቤ ወደ ውሃ ነው የሚሄደው። ያደግሁት መራዊ አካባቢ ነው፣ ሜጫ። አሁን የቆጋ ግድብ አለ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ትልቅ መስኖ ነው፣ የኛ ማሳ ግን ከሱ ውጭ ስለነበረ ከትንሽ ወንዝ በጠለፍናት ቦይ ነበር የምናጠጣው። ቦይ ባለበት ደግሞ የውሃ አባት አለ። ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ተጠቃሚው ተሰብስቦ የሚመርጠው ሰው ነው፣ ማን መቼ ያጠጣ፣ ቦዩ መቼ ይጠረግ፣ ውሃ የሰረቀ ምን ይቀጣ፣ ይሄን ሁሉ የሚይዘው እሱ ነው።

አንድ ሌሊት አልረሳም። ጥር ወር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ መሰለኝ፣ ከአባየ ጋር ድንች ልናጠጣ ወጣን። አባየ የኛን መውረጃ የዘጋውን ጭቃና ሳር በአካፋ ገለጥ አደረገው፣ ውሃው መጣ መጣና ቀጠነ፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ወዲያው ከላይ ባትሪ ሲበራ አየን፣ የውሃ አባቱ ነው፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ እግሩ በሙሉ ጭቃ። «ምነው ደረቀብህ?» አለው አባየን፣ መልስም አልጠበቀ፣ ቦይ ቦዩን ይዞ ወደ ላይ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ውሃው እየተንደረደረ መጣ። ለካ ላይ ላይ አንዱ ድንጋይ ደርድሮ ወደ ሽንኩርቱ መልሶት ኖሯል።

ይሄ ሥራው ነው። አሁን ደግሞ ተጠያቂነቱን ልንገራችሁ። በዚያው ዓመት አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዋርካው ስር ስብሰባ ነበረ፣ እኔ ከልጆች ጋር ጠርዝ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ብድግ አለችና «አያ፣ ረቡዕ ተራየ ነበር፣ ውሃየ አልደረሰኝም፣ ማን ወሰደው?» አለችው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ዝም አለ ሰው። እሱም ተነሳ፣ ጋቢውን አስተካከለና «እቴ፣ ማንም አልወሰደብሽም፣ አሞኝ ተኝቸ ነበር፣ መታመሜ ጥፋት አይደለም፣ ሰው ሳልወክል መተኛቴ ግን የኔ ጥፋት ነው፣ የሐሙሱ ተራ የኔ ነው፣ እሱን ውሰጂ» አላት። በቃ። ማንም አላጨበጨበ፣ ማንም አልሰደበውም፣ ቀጥሎ ስለ ቦይ ጠረጋ ተወራ። ሐሙስ ማታ የሷ ማሳ ጠጣ፣ የሱ አልጠጣም።

እኔ ትልቅ ሆኜ መዝገቡን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ ኖድ የሚባለው፣ እና ተጠባባቂው ባክአፕ ሰርቨር ምን እንደሆነ ስማር በቀጥታ ትዝ ያለኝ ያ ሰውየ ነው። ሰው ሳልወክል መተኛቴ። ዊትነስ ማለት እኮ ይሄ ነው፣ ዋናው ሰርቨርህ ቢወድቅ ሁለተኛ አዘጋጅተሃል ወይ፣ ካላዘጋጀህ ደግሞ የተጎዳው ሰው ሲጠይቅህ ተነስተህ ትመልሳለህ ወይ።

አሁን ወደራሴ ልምጣ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው ስቲም ላይ የገባሁት፣ ሃይቭ በኋላ የተገነጠለበት የድሮው ብሎክቼይን ነው፣ ሃይቭ ከመፈጠሩ በፊት ማለት ነው። አንድ አካውንት እስከ 30 ዊትነስ መምረጥ ይችላል። ሠላሳውንም ሞላሁ። እንዴት መረጥሃቸው ብትሉኝ ስማቸውን ደጋግሜ ያየኋቸውን፣ አንድ ጓደኛየ ጥሩ ናቸው ያለኝን፣ በቃ ተጫንሁና ወጣሁ። ከመካከላቸው አንዱን እንኳን ምን ትሠራለህ ብየ አልጠየቅሁም። ሰፈሬ ላይ ቢሆን የውሃ አባት እንደዚህ እመርጣለሁ? አልመርጥም።

ከዚያ በኛ አቆጣጠር 2012 መጣ። ታሪኩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ትሮን የሚባለው ሌላ ብሎክቼይን መሥራች ጀስቲን ሰን፣ ስቲምን የጀመረውን ስቲሚት የሚባለውን ኩባንያ ገዛ። ኩባንያው ከመጀመሪያው ጀምሮ የያዘው ብዙ ስቲም ነበረ፣ ገንዘቡም ስሙ ስቲም ነው፣ ለዊትነስ ምርጫ አይውልም ተብሎ የኖረ፣ የተመረጡት ዊትነሶች ደግሞ ቃሉ ይፈርሳል ብለው ፈሩና ያንን ስቲም በጊዜያዊ አፕዴት አገዱት። የካቲት 23 ቀን፣ ልብ በሉ የዓድዋ ዕለት ነው፣ እኔ መራዊ ቤተሰብ ጋ ነኝ፣ ስልኬን ስከፍት ሃያዎቹ ዊትነሶች ከቦታቸው ተገልብጠዋል። ቢናንስ፣ ሁኦቢና ፖሎኒክስ፣ ትልልቆቹ ኤክስቼንጆች፣ ክሪፕቶ የሚሸጥ የሚገዛባቸው፣ ደንበኛ ያስቀመጠባቸውን ስቲም ስቴክ አድርገው፣ አስይዘው ማለት ነው፣ ድምፅ ሰጥተውበታል። የሰው ተቀማጭ ነው! እህልህን ጎተራው ሰፊ ነው ብለህ ጎረቤት ጋ ታስቀምጣለህ፣ እሱ ደግሞ ይሄ ሁሉ እህል የኔ ነው ብሎ በሸንጎ ይናገርበታል፣ እንደዚያ ማለት ነው። ስቴክ የተደረገ ስቲም ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ያኔ 13 ሳምንት ይፈልግ ነበር፣ እና ገንዘቡን ማውጣት የፈለገ ደንበኛስ? ጫጫታ ሲበዛ ቢናንስና ሁኦቢ ድምፃቸውን አነሱ። ማኅበረሰቡ ግን መጋቢት 11 ተገንጥሎ ሃይቭን ጀመረ።

ያን ሰሞን ለስድስትና ሰባት ቀን በደንብ አልተኛሁም፣ እውነቴን ነው። የኛዎቹ ዊትነሶች ጀግና መስለው ታዩኝ። አሁን ዓመታት አልፈው ሳስበው አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ያንን ስቲም ሲያግዱ እኛን የመረጥናቸውን አልጠየቁንም፣ ጥቂት ሰዎች ናቸው የወሰኑት፣ ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፣ እኔም ያኔ ደግፌ ነበር፣ ግን የሰው ንብረት የሚያግድ ሥልጣን እንዳላቸው ያወቅሁት ካገዱ በኋላ ነው። የመረጥኋቸው እኔ ነኝ፣ ምን እንደሰጠኋቸው ግን አላወቅሁም ነበር።

ትማራለህ ትላላችሁ አይደል። በዚያ ሰሞን ሠላሳውንም እንደገና መረጥሁና፣ ተመልሸ ረሳሁት።

ሃይቭ በ2013 ሰኔ ላይ ባደረገው ሃርድፎርክ፣ ሁሉም የሚከተለው የደንብ ለውጥ ማለት ነው፣ አንድ ደንብ አስገባ፣ ለአንድ ዓመት ምርጫውን ያልነካ አካውንት ድምፁ ይወድቃል የሚል። እኔ አላነበብኩትም። አንድ ቀን ገብቼ ሳይ የሰጠሁት ድምፅ ዜሮ። መጀመሪያ ተናደድሁ፣ ማን ነው ድምፄን የነካው ብየ፣ ከዚያ ደንቡን ሳነብ አንገቴን ደፋሁ። ሠላሳ ስም እንደገና ልሞላ ስል የድሮ ዝርዝሬን ፈለግሁ፣ አንድ በአንድ ከፈትኋቸው። ከሠላሳው ውስጥ ሰርቨራቸውን የዘጉ አሉ፣ ድምፄ ግን እስኪወድቅ ድረስ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል። ስለ ሥራቸው ለመጨረሻ ጊዜ የጻፉት ከሁለት ዓመት በፊት የሆኑ አሉ። አንደኛው የዋጋ መረጃውን ለወራት አላደሰም። ይሄ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ሃይቭ ላይ ኤችቢዲ የምንለው ከዶላር ጋር የታሰረው ቶክን ወደ ሃይቭ፣ ወደ ዋናው ቶክን፣ ሲቀየር ሒሳቡ የሚሠራው ዊትነሶች በሚያስገቡት ዋጋ ነው፣ የመካከለኛው ዋጋ ይወሰድና። ያ ሰው ያረጀ ዋጋ አስቀምጦ ተኝቷል፣ እኔ ደግሞ ከጀርባው ቆሜያለሁ።

ስለዚህ አስተዋፅኦ ስንል ምን ማለታችን ነው? አንዳንዱ ዊትነስ ብሎክ አላመለጠኝም ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ ዝቅተኛው ነገር ነው፣ የውሃ አባት ተራ አላዛባሁም እንደማለት ነው። አዲስ ከሚፈጠረው ሃይቭ 10 ከመቶው ለዊትነሶች ነው የሚከፈለው፣ አብዛኛውን የሚወስዱት ደግሞ ሃያዎቹ ናቸው። ለዚህ ክፍያ እኔ የምጠብቀው፣ ሌላው ሰው አፕ የሚሠራበትን ኖድ ለሕዝብ ከፍተህ ታቆያለህ፣ አዲስ ቨርዥን ሲመጣ ቀድመህ ትሞክራለህ፣ ኮድ የምትችል ኮድ ትጽፋለህ፣ የማትችል ደግሞ ቢያንስ የምታጸድቀውን ታነባለህ። ሃርድፎርክ ለማለፍ 17 ዊትነሶች ማጽደቅ አለባቸው፣ የኤችቢዲ ቁጠባ ወለድ ስንት ይሁን የሚለውም በነሱ ነው የሚወሰነው። እና ለምን እዚህ ቁጥር ላይ አደረግኸው ብየ ብጠይቅ ሁለት መስመር መልስ ይገባኛል። ስብሰባ አዘጋጀሁ፣ ቲሸርት አደልሁ የሚለውን አልጠላም፣ እኔ ግን ለዚያ ዊትነስ አልመርጥም፣ እሱን ማንም ሊሠራው ይችላል።

ሌሎች ጋ ቅጣት አለ። ኮስሞስ የሚባለው ብሎክቼይን ላይ ቫሊዴተሩ በአንድ የብሎክ ቁጥር ላይ ሁለት ጊዜ ከፈረመ ካስያዘው 5 ከመቶ ይቆረጣል፣ ብዙ ከጠፋ ደግሞ 0.01 ከመቶ፣ እና ስቴኩን ለሱ የሰጠ ሰውም አብሮ ይቆረጥበታል። ይሄ ሲያዩት ይከብዳል፣ ግን የመረጠውን ሰው ያነቃዋል፣ ገንዘቤ ነው ብሎ ይከታተላል። ሃይቭ ላይ ሰነፍ ብመርጥ ከኪሴ ምንም አይወጣም። ደግሞ ማሽን የሚቀጣው ማሽን የሚያየውን ነው። ዝም ያለን ሰው አይቀጣም። ጥያቄ ሲጠየቅ ያልመለሰን አይቀጣም። ሁሉም ነገር ብሎክቼይን ላይ ተጽፏል እንላለን፣ ተጽፏል፣ ግን ዋርካው ስር ያቺ እናት ባትነሳ ኖሮ የረቡዑ ውሃ ማን አወቀው?

አንድ ነገር ግን ልክ ልክ ነው፣ የውሃው ምርጫና ይሄ አንድ አይደሉም። እዚያ አንድ ሰው አንድ እጅ ነው፣ ጥማድ መሬት ያለውም ጋሻ መሬት ያለውም እኩል ይቆጠራል። እዚህ በያዝኸው መጠን ነው። እኔ የያዝሁት ትንሽ ነው፣ አንድ ትልቅ አካውንት ብድግ ሲል የኔና የናንተ ሁሉ ተደምሮ አይደርስበትም፣ እና ምን ዋጋ አለው የሚል ጓደኛ አለኝ፣ ደብረ ማርቆስ ነው፣ ድምፁን ለሌላ ሰው በፕሮክሲ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል። በስልክ ተከራክረናል። እኔ የምለው ድምፅህ ቢያንስም ጥያቄህ አያንስም፣ ጥያቄ በስቴክ አይመዘንም። ያቺ እናት ከሁሉም ያነሰ መሬት ነበራት።

ስለዚህ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሠላሳ መሙላት ትቻለሁ። ዘጠኝ ብቻ መረጥሁ፣ ዘጠኙንም አንድ በአንድ አይቸ፣ ያመለጣቸውን ብሎክ፣ የሚጠቀሙትን ቨርዥን፣ የዋጋ መረጃቸው የታደሰበትን ቀን፣ ባለፈው ሃርድፎርክ ምን እንዳሉ። ማስታወሻ ደብተር ላይ ነው የያዝሁት፣ የልጅነት ደብተር የመሰለ ባለመስመር፣ ስልክ ላይ ብይዘው እንደገና እንደምረሳው ስለማውቅ። በየወሩ በ21፣ በማርያም ዕለት፣ እከፍተዋለሁ ብያለሁ። ላልመረጥኋቸው ግን እያሰብሁባቸው ላሉ ሦስት ሰዎች ደግሞ ተመሳሳይ ጥያቄ ላክሁ፣ በእንግሊዝኛ ነው የጻፍሁት፣ ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ባለፉት ስድስት ወራት ሰርቨርህ የወደቀ ጊዜ ምን አደረግህ፣ ማንን ወክለህ ነበር?

ሁለቱ መልሰዋል። አንዱ በአምስት ሰዓት ውስጥ፣ ረጅም አድርጎ፣ ሌሊት ወድቆበት ባክአፑ እስኪነሳ 11 ብሎክ እንዳመለጠውና ከዚያ በኋላ ማንቂያውን እንዴት እንዳስተካከለ ሳይጠየቅ ጨምሮ ጻፈልኝ። ሄጀ ቁጥሩን አየሁት፣ 11 ነው። ወዲያው መረጥሁት፣ ዘጠኙ አሥር ሆኑ። ሁለተኛው አመሰግናለሁ፣ በደንብ እየሠራን ነው ብቻ ነው ያለኝ፣ እሱን ደግሜ ጠይቄዋለሁ። ሦስተኛው ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ነው፣ እስካሁን አልመለሰም፣ መልእክቴን ካነበበው ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው፣ ነገ ደግሞ ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ እጠይቀዋለሁ፣ መልሱ ከመጣ በሚቀጥለው እንዳለ አነብላችኋለሁ።