«9፡00» ስንት ሰዓት ነው? ለፕሮዳክት ማናጀሮች (አፑ ምን እንዲሠራ፣ ምን እንደሚቀድም ለሚወስኑ) የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ፣ ከአዳማ፦ ለክሊኒኮች የቀጠሮ አፕ እየሠራን ነው። ሰው ቀጠሮ ይይዛል፣ ግን በሰዓቱ አይመጣም። አለቃዬ «አስታዋሽ መልእክት ይጨመር» ይላል። ትስማማለህ?

መልስ፦ ቆይ እስቲ እህቴ፣ አፑ ላይ ሰዓቱ እንዴት ነው የሚታየው?

«ስልኩ እንደሚለው ነዋ። 9፡00።»

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ስልኩ ጠዋት 9፡00 ሲል እናቴ 3 ሰዓት ነው የምትለው። 9 ሰዓት ካላችኋት ምሳዋን በልታ፣ ቡናዋን ጠጥታ ነው የምትመጣው። ተራዋ ካለፈ ቆይቷል። አጠገቡ ያለችውን ኤኤም ማን ያያታል? አስታዋሽ ብትልኩላት ደግሞ ያንኑ ስህተት ነው የምታስታውሷት።

ግን እኔንም ዝም ብለሽ አትመኚኝ። የቀሩ 10 ሰዎች ስልክ አውጪና ራስሽ ደውዪ። «ለምን ቀሩ?» አትበያቸው፣ ወቀሳ ይመስላል፤ ሰው ሰበብ ይፈልግልሻል። «ያን ዕለት እንዴት ሆነ?» በያቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ካርድ ክፍሉ ጋር ቁጭ በይ። ሠራተኛዋ ለታካሚው በቃል ስትነግረው «ጠዋት 3 ሰዓት» ካለች፣ አፑም እንደሷ ይናገር። ሲስተሙ ውስጥ ሰዓቱ እንደነበረ ይቀመጥ፤ የሚቀየረው ሰው የሚያየው ብቻ ነው። እግረ መንገድሽን ጳጉሜን አፑ ውስጥ መኖሯንም እዪ። 5 ቀንም ትሁን 6፣ ታካሚ ይመጣል።

እኔም ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁ። አንድ ቦታ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግድ የሚሞላ ሳጥን አስገባሁ። ግማሹ የአባቱን ስም ጻፈ፣ ግማሹ የአያቱን። አንዱ ሰው ዛሬ የአባቱን፣ በወሩ የአያቱን ይሞላና ሁለት ፋይል ይኖረዋል። እኛ «የዳታ ችግር» እያልን ፕሮግራመሮቹን ስናጨናንቅ ከረምን። ጥፋቱ የኔ ነበር።

አድማጭ፣ ከአዲስ አበባ፦ ሥራ አስኪያጃችን በየሰኞው አዲስ ሐሳብ ይዞ ይመጣል። ፕሮግራመሮቹ ተማረውብኛል። እምቢ ልለው አልችልም።

መልስ፦ እምቢ አትበለው። የዚህን ወር ሥራ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈህ ፊቱ አስቀምጥ። «ይግባ፤ በሱ ፈንታ የቱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው?» በለው። ምርጫው የሱ ይሁን። «ሁሉም ይሠራ» ካለህ የሚደርስበትን ቀን አስተካክለህ እዚያው ጻፍ። ወረቀቱ ላይ ቀኑ ሲገፋ በዓይኑ ካየ እሱም ይቀንሳል። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው መጠየቅም አትርሳ። አንዳንዴ አንድ ትልቅ ደንበኛ እራት ላይ ያነሳው ወሬ ነው የሚሆነው።

አድማጭ፣ ከዱባይ፦ የደንበኞች ጥሪ ማእከል ነው የምሠራው። ኮድ አልችልም። ወደዚህ ሙያ መግባት እችላለሁ?

መልስ፦ በደንብ! እኛ ለምነን የምናገኘውን ቅሬታ አንቺ ቀኑን ሙሉ ትሰሚያለሽ። ለሁለት ሳምንት የሚደጋገመውን መዝግቢ፣ ስንት ሰው እንዳነሳውም ቁጠሪ። ኮዱን ለሚጽፉት ሰዎች ወስደሽ አሳያቸው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትጠሪም ይዘሽው ግቢ፤ የደንበኞቹን ስምና ስልክ ግን አጥፊበት።