ጓሮ የሌለው ቤት፦ የአዳማ አሮጌ ባቡር ጣቢያ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ባደግሁባት በአዳማ ስላለው ስለ አሮጌው የባቡር ጣቢያ ነው።

የባቡር ጣቢያ ከሌላ ቤት በምን እንደሚለይ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። መኖሪያ ቤት ፊትም ጓሮም አለው፤ ጣቢያ ግን ጓሮ የለውም። በአንድ በኩል ከተማውን፣ በሌላው በኩል ሐዲዱን ይመለከታል፤ ቲኬት ሊቆርጥ በከተማው ደጅ የገባ መንገደኛ ወደ ፉርጎው የሚሄደው በሌላኛው ደጅ ወጥቶ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ሲቀር ከቤቱ ሁለት ፊቶች አንዱ ሥራ ይፈታል፤ የሚያየው ነገር ያጣል።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ለባቡሩ መንገድ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ የሐረር ተራራ ለመውጣት አስቸጋሪ ስለነበር መንገዱ በቆላው በኩል አልፎ፣ በዚያው ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተወለደች። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ሽኩቻ ሥራው ተጓትቶ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዳማ ከመዲናዋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚሁ መስመር ላይ ትገኛለች።

በመጀመሪያዎቹ አሠርት ዓመታት ባቡሩን የሚጎትተው እንፋሎት ነበርና፣ ማሞቂያው ውሃ ስለሚጨርስ በየተወሰነ ርቀት ቆሞ መቅዳት ግድ ይለው ነበር። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቸኮለ እንግዳ ሲገጥማቸው «ባቡሩም ውሃ ሳይጠጣ አይነሣም፣ ተቀመጥ!» ይሉ ነበር። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ በወጣትነታቸው ሙዝና ቆሎ የሚሸጡባትን ጊዜ መለኪያቸው ኖሯል። ባቡሩ ቶሎ ከተነሣ ገበያ የለም።

አሮጌው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር። ጠባብ ሐዲድ ጠበቅ ባለ ኩርባ መታጠፍ ስለሚችል ተራራ ሳይቆርጥ፣ የመሬቱን አቀማመጥ እየተከተለ መሄድ ይሆንለታል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው፤ በአሮጌው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም፤ ፍጥነቱም ሰፋፊ ኩርባ ይጠይቃል። ለአዳማ የተሠራለትም ጣቢያ ከመሃል ከተማው ራቅ ያለ ነው። በአሠራሩ አልከራከርም፤ ነገር ግን ከባቡር ወርዶ በእግሩ ገበያ የሚገባ መንገደኛ፣ ሙዝ ይዛ የምትጠብቀውም ሴት፣ በዚያ ርቀት መካከል ጠፍተዋል ብዬ አስባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ዝግጅት ሳሰናዳ ወደ አሮጌው ልሄድ ባጃጅ ያዝኩ። «ባቡር ጣቢያ» አልኩት። ሹፌሩ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ዘወር ሳይል፣ «ሩቅ ነው፣ ዋጋውን እንነጋገር» አለኝ። «አሮጌው» ብዬ ብነግረው ሳቀና፣ «እሱማ እዚሁ አይደል እንዴ!» አለ። በከተማው ደጅ በኩል አወረደኝ፤ እኔ ግን በሐዲዱ በኩል ያለውን ፊት ለማየት ዙሪያውን በእግሬ ሄድኩ።