ጀሪካኑ ሲመለስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባዬ የሚሰማችሁ ዱብ ዱብ የጎረቤቴ ሙቀጫ ነው። እሑድ ጠዋት ፒያሳ ውስጥ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ከቡና ወቀጣ ጋር መታረቅ እንጂ መጣላት አያዋጣውም፤ ስለዚህ አብረን እንሰማዋለን።

ስለ አፍንጫዬ ላውራችሁ።

ከአንድ ዓመት በፊት ገደማ ነው። እዚሁ ፒያሳ፣ ወንበሮቿ ከሰማንያ በማይበልጡ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ፣ ፊዚክስን በአንድ ሰው ተውኔት፣ ያውም በአስቂኝ ተውኔት፣ ለማሳየት መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ከጣሪያው ብረት አራት ሜትር የናይሎን ገመድ ወርዷል። ጫፉ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ቢጫ ጀሪካን፣ እስከ አፉ ውሃ ተሞልቶ፣ ታስሯል። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። ጭንቅላቴን ከኋላዬ ካለው ግድግዳ አስደግፌ፣ ጀሪካኑን ወደ ራሴ ስቤ፣ የአፍንጫዬን ጫፍ አስነካሁትና ለቀቅኩት።

ለቀቅኩት ነው ያልኩት፤ አልገፋሁትም። የተለቀቀ ጀሪካን ተወዛውዞ ሲመለስ ከተነሳበት ከፍታ በላይ የሚወጣበትን ጉልበት ከየትም አያመጣም። እንዲያውም አየሩ በመንገድ ላይ ጥቂት ስለሚቀንስበት፣ ከአፍንጫዬ ለጥቂት ሳይደርስ ቆም ይልና ተመልሶ ይሄዳል። ሄዶ ለመመለስ አራት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አራት ሰከንድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሃያ ኪሎ ወደ ፊቱ ሲመጣ ቆሞ ይጠብቅ።

እኔ አልጠበቅኩም። ተመልካቹ ሲንጫጫ ደስ አለኝና እጅ ልነሳ ብዬ ራሴን ከግድግዳው አራት ጣት ያህል ወደ ፊት አወጣሁ። ጀሪካኑ ሕጉን አክብሮ መጣ፤ ሕጉን ያላከበርኩት እኔ ነኝ። አፍንጫዬ ደም በደም ሆነ። ሰዉ የተውኔቱ ክፍል መስሎት በሳቅ ወንበሩን ሊሰብር ደረሰ፤ እኔም አላሳፈርኩትም፣ በሸሚዜ እጅጌ አፍንጫዬን ይዤ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ።

ከመድረክ በፊት አሥር ዓመት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አንድ ቀን አንዱን ተማሪዬን የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ ጠየቅኩት። ብድግ ብሎ በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳይስት፣ እንደ ዳዊት ደገመልኝ። ጎበዝ አልኩት። ከዚያ እንዲያው ነገሩ መጣብኝና በአማርኛ፣ “ታክሲ ውስጥ ሆነህ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ቢይዝ ለምንድን ነው ወደ ፊት የምትወረወረው?” አልኩት። “ቲቸር፣ ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ስለሚፈጠር ነዋ!” አለኝ፤ ይህንንም አላወቅህም ወይ በሚል ዓይን እያየኝ። ልጁ አሁን በደገመው ሕግ መሠረት የሚገፋው ነገር የለም። ሰውነቱ ሲሄድበት በነበረው ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል፤ የቆመው ታክሲው ነው።

በዚያ ምሽት ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግሬ እየወጣሁ ነገሩን አሰላሰልኩት። ያ ልጅ በእንግሊዝኛ ኒውተን ነው፤ በአማርኛ ግን፣ ካልገፉት የሚሄድ ነገር የለም ያለው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ፣ አርስቶትል። ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውም የሚደርሰው ለኒውተኑ ብቻ ነው። አርስቶትሉን ማንም ጠይቆት አያውቅም። እሱ ከታክሲ፣ ከእናቱ ማድ ቤት፣ ከኳስ ሜዳ የለቀመውን እምነት ይዞ፣ በአማርኛ፣ በሰላም ይኖራል። ዲግሪም ቢይዝ እንዲሁ ይኖራል፤ ይህን የምለው ራሴን አይቼ ነው።

ቃሉም ያስቸግራል። እኛ “ኃይል” እያልን ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር እንጠራለን፤ አንዱ (ፎርስ) በኒውተን ይለካል፣ አንዱ (ኢነርጂ) በጁል፣ አንዱ (ፓወር) በዋት። መምህር ይህንን ለማጥራት ሲል ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል። ኮሜዲ ግን ሲደባለቅለት ነው ደስ የሚለው። ከትዕይንቶቼ በአንደኛው የተበላሸ ሚኒባስ እየገፋሁ ላብ በላብ እሆናለሁ፤ መኪናው ስንዝር አይነቃነቅም። ከዚያ አለቃው መጥቶ፣ “በፊዚክስ ሕግ ኃይል አወጣህ እንጂ ሥራ አልሠራህም፤ ሥራ እንዲባል ዕቃው መንቀሳቀስ አለበት” ብሎ የቀን ሒሳቤን ይከለክለኛል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚያድር አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይህን አይቶ፣ “ጌታዬ፣ ይህ ሕግ መሥሪያ ቤታችን እንዳይሰማ” አለኝ።

የመጀመሪያው ተውኔቴ ግን እንዲህ አልነበረም። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ መነጽር ሰክቼ፣ ሁሉን አዋቂ ፕሮፌሰር ሆኜ ነበር የወጣሁት። ቀልዶቹን በደንብ አጥንቻቸዋለሁ፤ አዳራሹ ግን የለቅሶ ቤት ሆነ። ሲያልቅ በር ላይ ቡና የሚያፈሉትን እናት፣ “እንዴት ነበር፣ እናቴ?” አልኳቸው። ከረከቦቱ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ “ልጄ፣ አንተ እንደሆንክ ሁሉን ታውቀዋለህ። እኛን ለምን ጠራኸን?” አሉኝ። ሁለተኛው ስኒ ሳይቀዳ ፕሮፌሰሩ ሞተ።

በእሱ ቦታ የተወለደው የታክሲ ረዳት ነው። ስም የለውም። ስለ ዓለም አሠራር ሁሉን አውቃለሁ ባይ ነው፤ ሁሉንም የሚያውቀው ግን ተሳስቶ ነው። ከባድ ነገር ቶሎ ይወድቃል ይላል፤ ካልገፉት የሚሄድ ነገር የለም ይላል። ማለትም አርስቶትል ነው፤ በአንድ እጁ በር ላይ የተንጠለጠለ አርስቶትል።

ተወዳጁ ትዕይንት “ወራጅ አለ” ነው። ተመልካቹ በአንድ ድምፅ “ወራጅ አለ!” ይላል፤ ሹፌሩ ፍሬን ይይዛል፤ እኔ በየተራ ሁሉንም ተሳፋሪ እሆናለሁ። ፊት ለፊት የተቀመጡ አንዲት እናት እንቁላላቸው ተሰብሯል። ረዳቱ ወዲያው ምርመራ ይከፍታል። እርስዎን ማን ገፋዎት? ከኋላዬ ያለው። አንተን ማን ገፋህ? ከኋላዬ ያለችው። እንዲህ እያለ ወንበር በወንበር ወደ ኋላ ይሄዳል። የመጨረሻው ወንበር ላይ ሲደርስ ከኋላ ሰው የለም። ሻንጣ ብቻ ነው። ሻንጣውን ይጠይቃል። እዚህ ላይ አዳራሹ መሳቅ ይጀምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቁ መልኩን ይለውጣል። ማንም ማንንም እንዳልገፋ እየገባቸው ነው። ያኔ ረዳቱ ራሱን እያከከ፣ “ታክሲው ቆመ፤ እኛ ግን የመቆሙን ወሬ ገና አልሰማንም” ይላል።

ከዚያ ሳቅ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ሰው ክፍል ውስጥ ሲሳሳት አንገቱን ይደፋል። እዚህ ግን አብሮኝ ተሳስቶ፣ ስህተቱ ሲጋለጥ የሚዋረደው እኔ እሆንለታለሁ። እሱ በነጻ ይወጣል።

ሌላው ከሰው በተበደርኩት የሁለት መቶ ብር ኖት ነው። ብሩንና ወፍራም ደብተር በየእጄ ይዤ እኩል እለቃለሁ። ደብተሩ ጧ ብሎ ይወድቃል፤ ብሩ እየተንሳፈፈ ይዘገያል። ረዳቱ፣ “አላልኳችሁም? ከባድ ይቀድማል!” ይላል፤ ሰዉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ብሩን ደብተሩ ላይ አጋድሜ እለቀዋለሁ። አብረው ይወርዳሉ፣ ብሩ ከደብተሩ ጀርባ ፈቅ ሳይል። አየሩን ደብተሩ ስለተቀበለለት ብሩን የሚያዘገየው ነገር አልነበረም። ብሩን ለባለቤቱ አልመልስም። ይህ ፊዚክስ አይደለም።

ይህ ሞኝን ማናገር የእኔ ግኝት መስሎኝ ነበር። የጣሊያኑ ሳይንቲስት ጋሊሊዮ ቀድሞኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1632 ያሳተመው ታላቅ መጽሐፍ በሦስት ሰዎች ጭውውት የተጻፈ ነው፤ ያውም ሊቃውንቱ በሚጽፉበት በላቲን ሳይሆን ሰው በሚያወራው በጣሊያንኛ። ከሦስቱ አንዱ፣ ሲምፕሊቾ፣ የአርስቶትል ወገን ሆኖ እየተረታ የሚኖር ነው። ጋሊሊዮ የሮማውን ጳጳስ የኡርባኖስ 8ኛን መከራከሪያ በዚህ በሚሳቅበት ሰው አፍ ውስጥ አስገባው። በዓመቱ ፍርድ ቤት ቆመ፤ እስኪሞትም ድረስ በቁም እስር ቆየ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት የራሴን ትርጉም ነው። ሞኙን ሌላ ሰው ካደረግኸው ጠላት ታፈራለህ። ሞኙ ራስህ ስትሆን ቢበዛ አፍንጫህ ይደማል።

በአገራችንም ቢሆን ዘመናዊ ተውኔት የተጀመረው በኮሜዲ መሆኑን አስታውሱልኝ። የመጀመሪያውን፣ “ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜድያ” የተባለውን የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ በ1923 የወጣውንም የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው። ሩሲያ ሄደው የተማሩት መድፈኝነት ነው። የመድፍ ጥይት የት እንደሚወድቅ የማስላት ትምህርት ማለት ነው። የቴአትራችን አባት ፊዚክስ የሚያውቅ ሰው ነበር ስል ጓደኞቼ አጋነንክ ይሉኛል። ይበሉ።

ያልሠራልኝ ትዕይንትም አለ። ከድሬዳዋ የመጣች አክስት ሽምብራ ትጥዳለች፤ “የአዲስ አበባ ሽምብራ ሰነፍ ነው፣ አይበስልም” ትላለች። እውነቱ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ውሃችን የሚፈላው በመቶ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ማንም አልሳቀም። ጥራጥሬ እዚህ ቶሎ እንደማይበስል አዳራሹ ውስጥ ያሉ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ ያልተሳሳቱትን ነገር ላርማቸው ነው የተነሳሁት። አክስቲቱን ወደ ድሬዳዋ መለስኳት።

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ከሦስት ወር በፊት ትዕይንቱ ሲያልቅ አንድ ወጣት እጄን ጨብጦ፣ “ዛሬ ገና ፊዚክስ ገባኝ” አለኝ። ምን ገባህ አልኩት። “ጀሪካኑ አፍንጫህ ጋ ያልደረሰው ስለከበደ ነው። ባዶ ቢሆን ኖሮ ይመታህ ነበር” አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ልጁን አንድ አዲስ ስህተት አስይዤ ላክሁት። ሳቅ እንደ ገባው ሰው ድምፅ ያታልላል። ያልገባውም ይስቃል።

መልሱ ጋሊሊዮ ጋ ነበረ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1638 በወጣው መጽሐፉ የእርሳስና የቡሽ ድቡልቡሎችን በእኩል ክር አንጠልጥሎ ስለማወዛወዝ ይናገራል፤ ቡሹ ቶሎ ይደክማል እንጂ የሚወዛወዝበት ጊዜ ያው ነው። እኔም ሁለተኛ ገመድ አሰርኩ። አንዱ ጀሪካን ሙሉ፣ አንዱ ባዶ፤ ጎን ለጎን፣ እኩል የሚለቀቁ።

ትናንት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳየሁት። ረዳቱ፣ “የትኛው ቀድሞ ይመለሳል?” ብሎ ጠየቀ። ከፊሉ ሙሉው አለ፣ ከፊሉ ባዶው። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ተነስታ፣ “እኩል ነው የሚመጡት” አለች። አዳራሹ ሳቀባት፤ ረዳቱም ሆዱን ይዞ አብሮ ሳቀ። ለቀቅኳቸው። ሄዱ። ተመለሱ። ባዶው ትንሽ ርቆ ቆመ፣ ግን አብረው ነበር የመጡት፤ ሁለተኛውንም ዙር፣ ሦስተኛውንም። ረዳቱ ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ለልጅቷ አቀረበላት። እሷ ኮፍያውን አላየችውም። ጀሪካኖቹን ነው የምታየው።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እናቷን እየጎተተች መጣች። “ጋሼ፣ ግማሹን ብትሞላውስ?” አለችኝ።

ግማሹን ሞልቼው አላውቅም። ሙሉውና ባዶው እኩል የመጡት የሁለቱም የክብደት መሐል ጀሪካኑ ወገብ ላይ ስለሆነ ነው። ግማሽ ሲሆን ግን ውሃው ታች ይሰበሰባል፤ ገመዱ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል የረዘመ ያህል ነው። በወረቀት ሳሰላው በአንድ ዙር በዓይን አይታይም፤ በአሥር ዙር ግን ግማሽ ሰከንድ ሊዘገይ ነው። ውሃው ሲናጥ ደግሞ ምን እንደሚያደርገው ወረቀቱ አልነገረኝም። ለልጅቷ ቅዳሜ ነይ አልኳት፤ “እስከዚያ ሞክረህ ጠብቀኝ” ብላኝ ሄደች።

ዛሬ ልሞክረው ነበር። የሰፈራችን የውሃ ተራ ግን ነገ ሌሊት ነው፤ ያለኝ ሁለት ሊትር ብቻ ነው፣ እሱም ለቡና።