«ውጤቱ ምን ይቀይራል?»

የተከበራችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ ፋርማሲስቶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

መድኃኒት ጠፋ፣ ሪኤጀንት አለቀ፣ አልጋ የለም እያልን በየቀኑ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን የማነሳው ስለጎደለን ነገር አይደለም። በእጃችን ስላለውና ለታካሚው ሳይጠቅም ስለምናዘው ነው።

ታይፎይድን ለማወቅ በምናዘው የደም ምርመራ፣ በዊዳል ልጀምር። ትኩሳት ይዞት የመጣ ሰው «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ሲወጣ ሁላችንም እናያለን። ዊዳል ከ1896 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ምርመራ ነው። የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ከቆየ ሕመም የተረፈ ሊሆን ይችላል። በወባ ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ስለዚህ እንደኛ ባለ አገር አንዴ ተሠርቶ ፖዘቲቭ ያለ ዊዳል ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ለታይፈስ የምንሠራው ዌል ፊሊክስም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ውጤቱ አንዴ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ግን ማን ይመልሰዋል? ሴፍትሪያክሶን የተባለው በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። መድኃኒቱ በደም ሥር የሚሰጥበት ቱቦ፣ ካኑላ፣ ይገባል። ትኩሳቱን ያመጣው ምናልባት ቲቢ ነው፤ እሱ ሳይፈለግ ቀናት ያልፋሉ። ከገንዘቡም በላይ እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን ቀላል አይደለም። አስታማሚው ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይዞራል። ከገጠር የመጣው ገበሬ ከብት ሸጦ፣ ተበድሮ ነው የሚከፍለው። የጻፍነው ሁሉ የግድ ነው ብሎ አምኖናል።

ሴፍትሪያክሶን የዓለም ጤና ድርጅት በጥንቃቄ ይሰጡ ከሚላቸው አንቲባዮቲኮች አንዱ ነው። በዋርዳችን ግን ሳናመነታ የምንጽፈው እሱን ነው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው ሌላው አንቲባዮቲክም ሲዋጥ በደም ሥር የተሰጠውን ያህል ይሠራል ማለት ይቻላል። በአፉ የሚበላና የማያስመልሰው ሰው ለምን በጠብታ ይወስዳል? ታካሚው «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» ሊል ይችላል፤ አውቃለሁ። ቁጭ ብሎ ማስረዳት የእኛ ሥራ ነው።

ሽንት ለማውጣት የምናስገባው ቱቦ፣ ካቴተርም፣ እንዲሁ ነው። በቆየ ቁጥር የኢንፌክሽን አደጋው ይጨምራል። ብዙ ጊዜ የሚቆየው ታካሚው ስለፈለገው ሳይሆን ይውጣ ያለ ሰው ስለሌለ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ2012 በተጀመረ ዘመቻ የሕክምና ማኅበራት በየሙያቸው «በእርግጥ ያስፈልጋሉ ወይ?» ተብሎ ሊጠየቅባቸው ይገባል የሚሏቸውን ምርመራዎችና ሕክምናዎች ራሳቸው ዘረዘሩ። የሆስፒታል ሐኪሞቹ ዝርዝር ውስጥ ያለ ምክንያት የሚገባ ካቴተርና ሁኔታው ለተረጋጋ ታካሚ የሚደጋገም የደም ምርመራ አሉበት። ሀብት የተትረፈረፈበት አገር ይህን ከጠየቀ፣ እኛ የበለጠ ልንጠይቅ ይገባናል።

ጥፋቱን በሥልጠና ላይ ባሉት ጀማሪ ሐኪሞች፣ በኢንተርኖች ላይ አልጥልም። ታካሚዎችን እየዞርን በምናይበት ራውንድ ላይ «ለምን አልተሠራም?» ብሎ የሚቆጣ ሲኒየር ካለ፣ ኢንተርኑ ፈርቶ ሁሉንም ያዛል። «ለምን ተሠራ? ውጤቱ ምን ይቀይራል?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ለውጡ ከእኛ ከሲኒየሮቹ ይጀምር።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ከሰኞ ጀምሮ በእያንዳንዱ አልጋ አጠገብ ካቴተሩ፣ ካኑላውና አንቲባዮቲኩ ዛሬም ያስፈልጉ እንደሆነ ጮክ ብለን እንነጋገር። ነርሶችና ፋርማሲስቶች፣ አላስፈላጊ የመሰላችሁን ትዕዛዝ ያዘዘው እኔም ብሆን አስቁሙኝና ጠይቁኝ። ላብራቶሪዎች፣ በዊዳል ፈንታ ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚያሳየውን የደም ካልቸር እንዴት እንደምናጠናክር አብረን እንቀመጥ። እኔ ለዚህ ዝግጁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።