«ዶክተር፣ ውስጥ እግሬ ላይ ያለው ኪንታሮት ነው መጅ?»

ኪንታሮት የመቀመጫው አይደለም እንዴ?
ስማቸው ነው አንድ። የመቀመጫው ያበጠ ደም ሥር ነው፤ የእግሩ በቫይረስ የሚመጣ ነው። የመቀመጫውን ቅባት እግሩን ሲቀባ የከረመ ሰው መጥቶብኛል፤ እባካችሁ።

ከመጅ በምን ልለየው?
መጅ ቀጥ አድርገው ሲጫኑት ያማል። ኪንታሮት ግን ብዙ ጊዜ ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ሲያደርጉት ነው የሚያስጮኸው። እንደ አሻራ ያለው የቆዳ መስመርም እሱ ጋ ሲደርስ ይቋረጣል። ጥቋቁር ነጥቦቹ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን ደም ሥሮች እንጂ «ሥሩ» አይደሉም። ምላጭ ይዞ ሥር ፍለጋ የለም!

ባለቤቴ በምላጭ እየላጠ የባትሪ አሲድ ጠብ ያደርግበታል። ይሻለዋል?
ኧረ በፈጠራችሁ! እህቴ፣ ዛሬውኑ ያስጥሉት። ሲቆርጠው ቫይረሱ ወደ ጎኑ ቆዳ ይዛመታል፣ አንዱ አምስት ይሆናል። ያ ምላጭ ደግሞ መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ይቀመጥና ነገ ልጁ ጢሙን ይላጭበታል፤ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ በደም እንደሚተላለፉ ስንት ዓመት ነው የምንናገረው? የባትሪ አሲድ ሥጋ ይበላል። የሚተወው ጠባሳ ውስጥ እግር ላይ ሆኖ በየእርምጃው ከኪንታሮቱ የባሰ ሊያም ይችላል። አሲድ ካማረው ፋርማሲ ሄዶ ሳሊሲሊክ አሲድ ይግዛ። ማታ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ 10 ደቂቃ ይዘፍዝፍ፣ የነጣውን ቆዳ ሌላ ሰው በማይነካው ሞረድ ቀስ ብሎ ይፈግፍግ፣ ዙሪያውን ቫዝሊን ይቀባና መድኃኒቱን ኪንታሮቱ ላይ ብቻ ያድርግ። እስከ 12 ሳምንት። «ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ» ብላችሁ እንዳትደውሉ።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ አለበት ግን አያመውም።
ይተዉት። ልጆች ላይ ብዙው በሁለት ዓመት ውስጥ በራሱ ይጠፋል።

ጂም ሻወር ቤት ይይዛል?
ይይዛል። ነጠላ ጫማ ያድርጉ።

ስኳር አለብኝ፣ መድኃኒቱን ልጀምር?
አይጀምሩ፣ እናቴ። እግርዎ ካልተሰማዎት ቁስሉንም አያውቁትም። ሐኪም ይየው። ምላጩንማ አላነሳውም።

የእኔ ጥቁር ነጠብጣብ ነው፣ አያምም፣ ግን እየሰፋ ነው።
ይሄ የስልክ ጥያቄ አይደለም። እኛ ጥቁሮች ላይ ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር ላይ ነው። ላይሆን ይችላል፣ ግን በዚህ ሳምንት ቆዳ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አሁን ስልኩን ይዝጉና ቀጠሮ ይያዙ።