የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ባክቴሪያው ከዓሣው ቀድሞ ይግባ

ከአዳማ የደወሉ የካፌ ባለቤት፦ ካፌዬ ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣ ገንዳ፣ አለኝ። አዲስ የገዛኋቸው ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች በሽታ እንዳያስገቡብኝ ብዬ ለብቻቸው ትንሽ ገንዳ ውስጥ አቆየኋቸው። በአራተኛው ቀን ላይ ላዩን እየዋኙ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር፤ ከዚያ ሞቱ። ውሃውን ከትልቁ ገንዳ ነው የቀዳሁት፣ ኩልል ያለ ነው። ምን ነካቸው?

መልስ፦ በጣም ያሳዝናል። በሽታም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አሞኒያን ነው። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥቡ በኩል አሞኒያ የተባለ መርዛማ ቆሻሻ ያወጣል። አሞኒያ ደግሞ በዓይን አይታይም፤ ኩልል ያለ ውሃም ይገድላል። የጨው ውሃ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፣ 8.2 አካባቢ ስለሆነ መርዝነቱ ይብሳል።

ትልቁ ገንዳ ውስጥ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ። የሚኖሩት ግን ድንጋዩና የውሃ ማጣሪያው (ፊልተሩ) ላይ ተጣብቀው ነው። ውሃውን ብቻ ሲቀዱ እነሱ እዚያው ቀሩ።

ስለዚህ ዓሣ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ስፖንጅ ፊልተር ትልቁ ገንዳ ውስጥ ይክተቱ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት እየሠራ ይቆይ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ቶሎ አይባዙም፣ ማስቸኮል አይቻልም። ዓሣው ሲመጣ ስፖንጁን ወደ ለይቶ ማቆያው ትንሽ ገንዳ ያዛውሩት። በቧንቧ ውሃ እንዳያጥቡት አደራ፤ ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል። አሸዋና ድንጋይ አያስገቡ፣ መድኃኒት ይመጥጣሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ቅንጦት አይደለም።

ሌላ አድማጭ፣ ከአዳማ፦ የባሕር ጨው ውድ ነው። በገበታ ጨው ብሠራውስ? ወይ ከመተሐራ የበሰቃን ሐይቅ ውሃ ባመጣ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም፣ ወንድሜ። የገበታ ጨው ማግኒዚየሙም ካልሲየሙም የለውም። በሰቃ ደግሞ ሶዳ የበዛበት ሐይቅ ነው። ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ፣ ማለትም በሊትር 35 ግራም ከሚይዘው፣ በብዙ ያንሳል። ፒኤቹ ግን ከ9 በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ትንሽ አሞኒያም ዓሣህን ይጨርሰዋል።

በጽሑፍ የደረሰን፦ ለዓሣ በሽታ የሚሰጥ መዳብ ያለበት መድኃኒት የስፖንጁን ባክቴሪያ አይገድለውም?

መልስ፦ ያዳክመዋል እንጂ ባክቴሪያው በደንብ የያዘበት ስፖንጅ አብዛኛውን ጊዜ ይቋቋማል። የበለጠ የሚያሰጋው አንቲባዮቲክ ነው። በሕክምናው ወቅት አሞኒያውን በየቀኑ ይለኩ። ከፍ ካለ ውሃ ይቀይሩ፤ የአሞኒያ ማርከሻ ኬሚካል ከመዳብ ጋር አይቀላቅሉ፣ አንዳንዱ መዳቡን ራሱን ለዓሣው መርዝ ያደርገዋል። አዲሱ ውሃ ልክ እንደ ነባሩ መጠን መዳብ ይጨመርበት። መዳብ የነካውን ስፖንጅ ደግሞ ወደ ትልቁ ገንዳ አይመልሱት፤ ሽሪምፕና ኮራል ካለዎት ያልቁብዎታል።